የእማ ደም ያወቀው

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

እህቴ ሱሀይላ፣

ሰላምታዬን መጨረሻ ላይ ታገኚዋለሽ፤ መጀመሪያ ለቁጣሽ መልስ ልስጥ። «እማ ታማ ደሴ ድረስ ስትወሰድ እኔ ጅዳ ተቀምጬ ከሰው አፍ ልስማ?» ብለሻል። እውነትሽን ነው። እኔም ብሆን ጨርቄን እጥል ነበር። ግን ምን ብዬ ልጻፍልሽ? በሽታዋ ስም አልነበረውም።

ወንድምሽ አሚን ከቤት በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ነው የጀመራት። ገበያ መሃል ድንች እየመረጠች ሳለ ደረቷን ይዛ ቁጭ አለች። «ልቤ ልትወጣ ነው፣ አፉ በሉኝ» ብላ ለድንች ሻጯ ኑዛዜ ጀመረች። ወላሂ፣ ለድንች ሻጯ! እኔ ስደርስ በላብ ተጠምቃ እጇ ይንቀጠቀጣል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አለፈላት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ መጣባት፤ ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት። በር ሲንኳኳ፣ መኪና ደጅ ሲቆም፣ ሰው ሲሮጥ ካየች ያው ነው። ጎረቤታችን እትዬ ወርቂቱ ጠበል አምጥታ ረጨቻት፣ ሼኹም ዱዓ አደረጉላት፤ በሁለቱም ለጊዜው ቀለል አላት።

በኋላ የጤና ጣቢያው ነርስ ገበየሁ፣ ያ ከተማው ሁሉ «ዶክተር» የሚለው፣ «ልቧን ደሴ አሳዩአት» አለኝ። አክስታችን ቤት አድረን ጠዋት በባዶ ሆዷ ደም ሰጠች። ልቧ ደህና ነች አሉን። የደሟ ቅባት ግን 291 ወጣ፤ ከ200 በታች መሆን ነበረበት አሉ። እማ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ቅባት? እኔ? እስቲ ይህን ክንዴን ይዩትና የቱ ጋ እንደተደበቀ ያሳዩኝ!» ሐኪሙ ራሱ ሳቀ።

ከዚያ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። «እናትሽ ሁለት ነገር ነው ያለባት። ጭንቀቱ ራሱን የቻለ በሽታ ነው፤ ፀባይ እንዳይመስልሽ። ቅባቱ ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ ሰው ላይ አብረው እናገኛቸዋለን፤ የትኛው የትኛውን እንደሚያመጣ ግን አፉን ሞልቶ የሚነግርሽ የለም። ሲደራረቡ ለልብ ይከብዳሉ» አለኝ። መድኃኒቷን ትዋጥ፣ ቅቤ ትቀንስ፣ በእግሯ ትሂድ፣ ሐሳብ አታብዛ አለ። እኔ ከዚያ ሁሉ ይዤ የወጣሁት አንድ ነገር ነው፤ ክፉ ወሬ እንዳይደርሳት።

አሁን የምጠይቅሽን እማ ጎረቤት ሄዳ ነው የምጽፈው። ስለ አሚን ምን ሰማሽ? ከቦሳሶ ወደብ ባሕሩን ከተሻገረ አንቺ ጋ ነው የሚመጣው። ሁለት ወር አለፈው። ያ ልጅ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ካልሲውን እንኳ ጥንድ አድርጎ ማግኘት የማይችል ልጅ ነው። ቶሎ ጻፊልኝ።

እማ ትስምሻለች። እኔም ተናድጄም ቢሆን እስምሻለሁ።

እህትሽ ጠይባ


ጅዳ፣ ኅዳር 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

እትዬ ጠይባ፣

ይህን ወረቀት ያመጣችልሽን ልጅ ከእጅሽ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ አስምያታለሁ። እማ አጠገብሽ ካለች አጥፈሽ ኪስሽ ክተቺው። አፈር ስሆን።

ስለ ጤናዬ ብትጠይቂኝ፣ ደህና ነኝ። ስለ ቤቱ ብትጠይቂኝ፣ እመቤቲቱ ክፉ አይደለችም፣ ልጆቹም ለምደውኛል። ሙቀቱም አሁን ቀነስ ብሏል። አየሽ፣ እየዞርኩ ነው። ይቅር በይኝ፤ ከዚህ በፊት ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

የወግዲውን አሕመድኑርን ታስታውሺዋለሽ? ከአሚን ጋር አብሮ የወጣውን? ባለፈው ጁምዓ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ እኔን እንዳየ አለቀሰ። ከተሳፈሩበት ጀልባ በሕይወት የወጣው ስድስት ሰው ነው፤ እሱ አንዱ ነው። አሚን ከስድስቱ ውስጥ የለም። እስኪደክመኝ ድረስ የአሚንን እጅ ይዤ ነበር አለኝ። ከዚህ በላይ አልጠየቅሁትም፤ አንቺም አትጠይቂኝ።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። ወጉ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው ብቻውን ሳይሆን ነው። ግን ከባሕር ማዶ ሆኜ በየት በኩል ሽማግሌ ልላክብሽ? አፉ በይኝ፣ እህቴ። ቢያንስ ለእማ እንደ ወጉ ይደረግላት። አጎታችን አብዱራህማን ያውቅበታል፣ ወንድሟም ነው፤ ለሱ ንገሪው።

እኔ ያለቀስኩት የልብስ ማጠቢያውን ማሽን ከፍቼ፣ በሱ ጩኸት ውስጥ ነው። ልብሱ ንጹህ ነበር። ሁለቴ አጠብኩት።

ሌላም የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ ዛሬ ግን አልችልም።

ሱሀይላ


መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1995 ዓ.ም.

ሱሀይላዬ፣

«አጎቴ ነገራት ወይ?» ብለሽ በሰው ጠይቀሻል። አልነገራትም። እኔ ነኝ የከለከልኩት።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትምህርት ቤት ነው። ለአራተኛ ክፍሎች የክፍልፋይ ጥያቄ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና ካርታና ኳስ የሚቀመጥበት ክፍል ገባሁ። ሻርፔን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቀስኩ። ከዚያ ወጥቼ ደብተራቸውን አረምኩ። ቤት ስገባ እማ «ዓይንሽን ምን ነካው?» አለችኝ፤ «ጠመኔ ገብቶበት ነው» አልኳት። ውሸቱ እንዲህ ነው የጀመረው፤ በጠመኔ።

አጎታችን ሲሰማ፣ «በሉ ነገ ጠዋት እንነግራታለን» አለ። እኔ የላብራቶሪውን ወረቀት አውጥቼ ዘረጋሁለት። «291 ነው አጎቴ። ሳትሰማ ይህን ያህል ከሆነች፣ ስትሰማ ደሟ ወዴት ሊወጣ ነው? ወንድሜን አጥቻለሁ፤ እናቴንም ልድገም?» አልኩት። ማንበብ ባይችልም ቁጥሩን ትክ ብሎ አየው። «ልቅሶው የሷ ነው ጠይባ፤ የኔም ያንቺም አይደለም» አለኝ። እኔ ስላልተመለስኩለት «እንግዲህ የተማራችሁት ታውቃላችሁ» ብሎ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልመጣም፤ እህቴን ዓይን ዓይኗን እያየሁ መዋሸት አልችልም ብሏል።

አሁን ስሚኝ። ደሟ እስኪወርድ ብቻ ነው። 220 ሲገባ እኔው ራሴ ሽማግሌ ሰብስቤ አስነግራታለሁ። እስከዚያ ግን ከአሚን ደብዳቤ ይምጣላት። አንቺ ጻፊው፣ እኔ አነብላታለሁ። ከራሴ ፈጥሬ እንዳላወራ፣ ታውቂያታለሽ፤ ፖስታውን ትዳስሳለች፣ ቴምብሩን ታያለች፣ ደስ ሲላት ደግሞ ወስዳ ለሌላ ሰው ዳግመኛ ታስነብባለች። ጂዛን በረሃ በግ ጠባቂ ሆኛለሁ በይ፤ ስልክ የለም በይ። የሱ አጻጻፍ አይጠፋሽም፤ አራት መስመር ጽፎ ይቸኩላል።

ኃጢአቱ በኔ ይሁን።

ጠይባ


ጅዳ፣ ጥር 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

እትዬ ጠይባ፣

እንቢ እንደማልልሽ እያወቅሽ ነው የጠየቅሽኝ። ይኸው፤ እንድታዪው እዚህም ገልብጬዋለሁ፣ ዋናው በሌላው ፖስታ ነው።

«ይድረስ ለእማ። በአላህ ፈቃድ ባሕሩን ተሻግሬ ጂዛን የሚባል አገር ገብቻለሁ። የዘገየሁት ስልክ ስለሌለ ነው። በግ ጠባቂ ሆኛለሁ። የዚህ አገር በጎች የኛን አይመስሉም፣ ጆሯቸው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ሙቀት ነው ግን ጥላ አለ። እንዳታስቢ። ጠይባን፣ አጎቴን፣ እትዬ ወርቂቱን፣ ጥቁሯን ላም ሰላም በይልኝ። ቸኩያለሁ። ልጅሽ ሙሐመድአሚን።»

ላሟን የጨመርኩት እሱ እንደዚያ ስለሚል ነው። እሷን ስጽፍ ድምፁን ሰማሁት፤ ብዕሩን ጥዬ ተነሳሁ።

የሚጎድል ነገር ካለ ልትነግሪኝ ታስቢ ይሆናል። ባትነግሪኝ እወዳለሁ።

ሱሀይላ


መካነ ሰላም፣ ሰኔ 2 ቀን 1995 ዓ.ም.

ሱሀይላዬ፣

«እውነት አምናዋለች?» እያልሽ በየደብዳቤው ትጨቀጭቂኛለሽ። ኧረ አምናለች! የመጀመሪያው ሲመጣ ፖስታውን ደረቷ ላይ ለጥፋ «አልሐምዱሊላህ» እያለች ቤቱን ሦስቴ ዞረችው። በበጎቹ ጆሮ እስኪያንቃት ሳቀች። ሁለተኛው መጋቢት ላይ ደረሰ፣ ሦስተኛው ባለፈው ሳምንት። ልቧ ይመታባት የነበረው አሁን በወር አንዴ ቢሆን ነው። ጠዋት ጠዋት ከእትዬ ወርቂቱ ጋር በእግሯ ትወጣለች፤ ወርቂቱ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች፣ እማ ከደጁ ትመለሳለች። ሽሮዋን በዘይት ነው የምሠራላት፤ «ይህ የአህያ ወጥ ነው» እያለች ትበላዋለች።

ዋናውን ልንገርሽ። ግንቦት ላይ ደሴ ወስጃት ነበር። 248! ወረቀቱን እዚያው በር ላይ ሳምኩት። አየሽ? ወሬ ነበር የሚያሳምማት፣ ወሬ አዳናት። አንቺ ግን «ልቤ አልወደደውም» ትያለሽ። የኔስ ወዶት መሰለሽ? ግን ቁጥሩ ይናገራል።

አንድ ነገር ብቻ አለ። አንብቤ ስጨርስ ሁልጊዜ «ሌላ ምንም አላለም?» ትላለች። «አላለም እማ።» «የጠየቀው ነገርም የለም?» የለም ስላት ፖስታውን ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣና አሚን የተከላት ኮክ አጠገብ ትቀመጣለች። ናፍቆት ነው መቼም። ስለዚህ ቀጣዩን ሰፋ አድርጊው፣ ስለ ቤቱ ብዙ ጠይቂ። 220 ለመግባት ጥቂት ነው የቀረን።

ጠይባ


ጅዳ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1995 ዓ.ም.

እትዬ ጠይባ፣

«አራተኛው ምነው ዘገየ?» ላልሽው፣ ታምሜ ነው። አትደንግጪ። ሰገነት ላይ ልብስ ሳሰጣ ልቤ እንደ እማ ሆነብኝ፤ እጄ ደነዘዘ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ የምሞት መስሎኝ መሬት ላይ ተኛሁ። በሳምንት ሦስቴ ሲደጋግመኝ እመቤቲቱ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። እዚህም ደም ቀዱ። 228። ሐኪሙ ግብፃዊ ነው፣ ሽማግሌ። «ከእናትሽ የወረስሽው ሊሆን ይችላል» አለኝ። ቀጥሎ መነጽሩን አውልቆ «ልጄ፣ በሃያ አራት ዓመትሽ ምን ተሸክመሽ ነው?» አለኝ። አልመለስኩለትም። አንቺ ግን እህቴ ነሽ።

አሚንን ና ያልኩት እኔ ነኝ።

አምና ግንቦት ላይ ለሱ ብቻ ጻፍኩለት። «እዚያ ሥራ ፈተህ ከምትቀመጥ ና፣ እኔ እቀበልሃለሁ» አልኩት። ሥራውን አስቤለት አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በስሜ የሚጠራኝ ሰው አጥቼ፣ የኔ የምለው አንድ ሰው እዚህ አገር ይኑረኝ ብዬ ነው። ለኔ ብሎ ነው የወጣው። አሁን በየሁለት ወሩ ተቀምጬ፣ የገደልኩትን ልጅ ስም ከደብዳቤው ሥር እጽፋለሁ። «እንዳታስቢ» እላታለሁ በሱ አፍ።

አራተኛውን ጽፌዋለሁ፣ አብሮ አለ። ከዚህ በኋላ አልችልም። በአላህ ይሁንብሽ ንገሯት።

ሱሀይላ


መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 25 ቀን 1996 ዓ.ም.

ሱሀይላ፣

«ደብዳቤዬ ጠፍቶ ነው ወይስ ተቀይመሽኝ?» ብለሽ ሁለቴ ልከሻል። ደርሶኛል። ተቀይሜሽ ነው። አንድ ወር ሙሉ ስምሽን ሳስብ ጥርሴን እነክስ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን የልጆቹን ስም ስጠራ «ሱሀይላ» የምትባል ተማሪ «አቤት» ስትለኝ ደግሜ ጠራኋት። በስምሽ የሚጠራሽ አጥተሽ እንደነበር ያኔ ገባኝ። እኔ በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንቴ ጻፍኩልሽ? አራቴ ነው፤ እሱም ዕቃ ላኪ ለማለት። እንግዲህ ማን በማን ይፈርዳል።

አሁን ሌላ ጣጣ አለ። እማን ባለፈው ሳምንት ደሴ ወሰድኳት። 220 ይሆናል ብዬ፣ ሽማግሌዎቹን ሁሉ በልቤ መርጬ ነበር የሄድኩት። ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 317።

ሱሀይላ፣ እየሳቀች ነው እኮ! አራተኛውን ደብዳቤ ሳነብላት ሳቀች፣ ለወርቂቱ ወስዳ አሳየቻት። ፊቷን ብታዪው ደህና ናት። ደሟ ነው ደህና ያልሆነው። ወረቀቱን ለገበየሁ ሳሳየው «ጠይባ፣ እናንተ ቤት ውስጥ ማን ነው ከማን ምን የሚደብቀው?» አለኝ። እዚያው ወንበሩ ላይ ሁሉንም ነገርኩት። «አሚን መሞቱን እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት ሰምቻለሁ፤ የወግዲ ሰው ሁሉ ያወራዋል። እናትሽ ገበያ አትሄድም እንዴ?» አለኝ።

አጎቴ ቤት ሄድኩ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። የሚነግሯት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ዱዓ አድርጊልኝ።

ጠይባ


መካነ ሰላም፣ ኅዳር 8 ቀን 1996 ዓ.ም.

ሱሀይላዬ፣

«እንዴት ሆነች?» እንደምትዪ አውቃለሁ። እነግርሻለሁ።

ጎህ ሲቀድ መጡ፤ አጎቴ ከፊት፣ ሼኹ፣ እትዬ ወርቂቱ፣ ገበየሁ መድኃኒት በኪሱ ይዞ። እኔ በሩን ቀስ ብዬ ልከፍትላቸው ተነሳሁ። በሩ ክፍት ነበር። ሳሎኑ ተጠርጎ ሰሌኑ ሁሉ ተነጥፏል። ውሃ በጀሪካን ተቀድቶ ደጃፉ ላይ ተደርድሯል። እማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች።

«አሁን መጣችሁ?» አለች።

አጎቴ «ሩቂያ፣ አላህ የሰጠውን...» ብሎ ቆመ። «አንተ ትናንት ገበያ ላይ አይተኸኝ ዓይንህን ሰበርክ። ያኔ ነገ ነው አልኩ። ከሰኔ ጀምሮ በየጠዋቱ ተነስቼ ይህን በር ስከፍት፣ ዛሬ ይመጡ ይሆናል ስል ከረምኩ። በል፣ ስሙን ጥራልኝና ላልቅስ» አለችው። አጎቴ «ሙሐመድአሚን ወደ አላህ ሄዷል» አላት። ከዚያ አለቀሰች። ሱሀይላ፣ እናታችንን እንደዚያ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም። አባታችን የሞተ ጊዜም እንደዚያ አልነበረችም። መስጊድ ላይ አስከሬኑ በሌለበት ሰገዱለት፣ ሰው ሦስት ቀን ከቤታችን አልጠፋም። አንድም ጊዜ አልወደቀችም። መድኃኒቱ ከገበየሁ ኪስ አልወጣም።

በአራተኛው ቀን አጠገቧ ተቀምጬ «እንዴት አወቅሽ?» አልኳት። ሲሄድ ተነጋግረው ነበር። ደላሎች ሰው አግተው በሰው ስም ደብዳቤ ያጽፋሉ የሚባል ወሬ ሰምታ፣ «ራስህ መሆንህን እንዳውቅ፣ ስትጽፍ መጀመሪያ ኮኩ አፈራ ወይ ብለህ ጠይቀኝ» ብላው ነበር። ሳቀባት። ግን እሺ አላት፣ ማለላት። የመጀመሪያው ደብዳቤ ስለ ኮኩ ሳይጠይቅ ሲመጣ፣ ረስቶት ነው አለች። በሁለተኛው ፈራች። በሦስተኛው አወቀች። ላሟ ሰላም ተብላ ኮኩ ሲቀር ምን ትጠብቂያለሽ? ከዚያ ቀን ጀምሮ የዋጠችው ክኒን የለም፤ እኔ የምሰጣትን ምላሷ ሥር ይዛ ጓሮ ነው የምትተፋው። መንገዱንም ትታለች፤ ነጠላዋን ለብሳ ትወጣና እወርቂቱ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጣ ትመለሳለች። «ለማን ብዬ?» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን ትስቂ ነበር?» አልኳት። እስካሁን ደረቴ ላይ ያለው መልሷ ነው። «ሱሀይላ እንደምትጽፈው ገብቶኛል። አንቺን ግን የምታምኚው መስሎኝ ነበር። እንዲያ ደስ ብሎሽ ስታነቢ እያየሁ፣ ይህች ልጅ ብታውቅ ትሰበርብኛለች፤ ወንድሟን እሷ ናት ያዘለችው፤ እኔ ልሸከመው አልኩ። ላንቺ ብዬ ነው የሳቅኩት» አለችኝ።

በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከአንድ ሳህን እየበላን፣ እሷ ለኔ እኔም ለሷ ስንስቅ ከረምን። እሷ ጓሮ እኔ ካርታ ክፍል፣ አንድ ልጅ ለየብቻችን አለቀስን። ገበየሁን ያ 248 ከየት መጣ አልኩት። «መድኃኒቷን በደንብ የዋጠችበት፣ በእግሯ የሄደችበት ጊዜ ነው» አለኝ። እኔ ውሸቴ ያዳናት መስሎኝ ወረቀት ስስም ነበር። «ጭንቀቱ የራሱ ድርሻ አለው፤ ቁጥሩን ሁሉ ግን ለሱ አትስጪው» አለኝ። አጎቴ ልቅሶው የሷ ነው ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። የእናቴን ልቅሶ ዓመት ሙሉ ቆለፍኩባት። ይህን ለማንም አልናገርም፣ ላንቺ ነው።

ያንቺን ነገር አልነገርኳትም። እሱ ያንቺ ነው። አንቺ ንገሪያት።

ጠይባ


መካነ ሰላም፣ ጥር 30 ቀን 1996 ዓ.ም.

ልጄ ሱሀይላ፣

የምትጽፈው ጠይባ ናት፤ አንዲት ቃል እንዳትጨምር፣ እንዳትቀንስም በቁርአን አስምያታለሁ። አሁን እያለቀሰች ነው፤ ወረቀቱ ከረጠበ የሷ ነው።

ደብዳቤሽ ተነበበልኝ። «እኔ ነኝ ና ያልኩት፣ ልጄ አትበይኝ» ብለሻል። ምን ትያለሽ አንቺ! የት አባሽ ታውቂና? ልጄ ማለትና አለማለት የኔ ነው፤ ያንቺ ነው ያለሽ ማን ነው? እኔ አላውቅም ብለሽ ዓመት ሙሉ ተቃጠልሽ? ያን ደብዳቤሽን አሚን ራሱ አንብቦልኛል፤ እዚያው ምድጃው ዳር። «እማ፣ ሱሀይላ ብቻዋን ናት፣ ልሂድላት?» አለኝ። «ሂድላት» አልኩት። አንቺ ና አልሽ፣ እኔ ሂድ አልኩ። ስንቁን የቋጠርኩት በዚህ እጄ ነው፤ ጫማውን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ጥፋት ከሆነ በምን ሚዛን ከፍለሽ ለብቻሽ ወሰድሽው? ድርሻዬን መልሺልኝ።

ደሜን ግንቦት ላይ ይለኩኛል። ክኒኑን አሁን እውጣለሁ፤ ጠይባ አፌን አስከፍታ ታያለች፣ እንደ ሕፃን። ወርቂቱ ጠዋት ጠዋት እየጎተተች ታስሄደኛለች። ልቤ ዛሬም ይደልቃል። ዱሮ ሲደልቅ ምን እንደመጣብኝ አላውቅም ነበር፤ አሁን ሲደልቅ አሚን ነው እላለሁና እቀመጥለታለሁ፤ ያልፋል። ቁጥሩ ደግሞ የፈለገውን ይሁን፣ ሐኪሞቹ ይጨነቁበት።

«ጤናሽ እንዴት ነው?» ብዬ ባስጠይቅሽ «ደህና ነኝ» ብለሻል። ደህና ነኝ የሚል ደብዳቤ ጠግቤያለሁ። አንቺም ልብሽ እንደኔ እንደሚሆን ጠይባ ነግራኛለች። ስለዚህ ከአሚን ጋር የተነጋገርኩትን ካንቺም ጋር ልነጋገር። ኮኩ ዘንድሮ አብቧል፣ የመጀመሪያው ነው። እውነት ደህና ስትሆኚ፣ «ኮኩ አፈራ ወይ?» ብለሽ ጠይቂኝ። ደህና ካልሆንሽ አትጠይቂኝ። ሳትጠይቂኝ ስትቀሪ እኔ አውቃለሁ፤ አውቄም አብሬሽ እሆናለሁ። ብቻ አትዋሺኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

እናትሽ ሩቂያ


ጅዳ፣ መጋቢት 11 ቀን 1996 ዓ.ም.

እማዬ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ጠይባ ያረጠበችው ቦታ ደርቆ ወረቀቱ ተኮማትሯል፤ በጣቴ ስነካው ያስታውቃል።

እንዳልሽኝ ሳልዋሽ ልንገርሽ። ምግብ እበላለሁ፣ ግን አይጣፍጠኝም። ሐኪሙ ጋ ሁለቴ ተመልሼ ሄጃለሁ፤ ምን ተሸክመሽ ነው ሲለኝ በዚህ ጊዜ ነገርኩት፤ ብዙ ሰማኝ። ልቤ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ይነሳብኛል። የልብስ ማጠቢያውን ማሽን ስከፍት እስካሁን አለቅሳለሁ። አሕመድኑርን ፈልጌ አገኘሁት፤ አሚን መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። ስመጣ በአፌ እነግርሻለሁ፣ ጠዋት ላይ፣ ጠይባም ባለችበት። ውሌ ሲያልቅ እመጣለሁ፤ ስምንት ወር ቀርቶታል።

ጠይባን ሳሚልኝ። አጎቴን፣ እትዬ ወርቂቱን፣ ጥቁሯን ላም ሰላም በይልኝ።

ሌላ የምጠይቅሽ ነገር ነበር፣ እማ። ጽፌው ሰረዝኩት። ዛሬ አልጠይቅሽም።

ልጅሽ ሱሀይላ